ብሎን የሌለው ፔርሙዝ

እሁድ ጠዋት ነበር፤ ቡናው ገና እየተቆላ ነው። እማዬ ለቸኮለው እንግዳ ሻይ ልትቀዳለት ፔርሙዙን ብድግ ስታደርገው የላይኛው ፕላስቲክ ከነመያዣው እጇ ላይ ቀረ፣ ቆርቆሮው አካል ከነጠርሙሱ ሳሩ ላይ ዱብ አለ። በርጩማ ላይ ተቀምጣ ስለነበር ከፍታው ስንዝር ቢሆን ነው። ጠርሙሱ ተረፈ።

«ብሎኑ ወልቆ ነው» አለች። «ምን ትገተሪያለሽ፣ ፈልጊ እንጂ! ሳሩ ውስጥ ይሆናል።»

ፈለግን። ረከቦቱን አነሳን፣ ሳሩን በጣታችን አበጠርን፣ ሶፋውን ገፋን። እንግዳው ሳይቀር መቸኮሉን ረስቶ በስልኩ መብራት ቡፌው ሥር አየ። የተገኘው ጥቂት ቆሎና አንድ የሸሚዝ ቁልፍ ነው። በኋላ ፕላስቲኩን ገልብጬ ሳየው ነው ነገሩ የገባኝ። ብሎን የገባበት ነገር ቀዳዳ ይኖረዋል። ይኼ ግን ቆርቆሮውም ላይ ፕላስቲኩም ላይ አንዲት ቀዳዳ የለችውም። ያ ሁሉ ዓመት ሻይ ሲቀዳበት የኖረው ያለ ብሎን ነው።

ታዲያ በምን ተያይዞ ነው የኖረው? የፕላስቲኩ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ የስንዴ ፍሬ የሚያህሉ አራት ጥርሶች አሉ። ቆርቆሮው ደግሞ ከአፉ ዝቅ ብሎ ዙሪያውን የሚሄድ ጎድጎድ ያለ መስመር አለው። ፋብሪካ ውስጥ አንድ ሰው ወይም አንድ ማሽን ፕላስቲኩን ከላይ ጫን አድርጎታል፤ ጥርሶቹ በቆርቆሮው ከንፈር ላይ ተንሸራተው ጎድጓዳው ውስጥ ጠቅ ብለው ተቀምጠዋል። በቃ።

ቤት ውስጥ የዱቄት ወተት ጣሳ ካላችሁ ክዳኑን አንሡና እዩት፤ ከዚህ የቀለለ ማስረጃ የለም። የክዳኑ ውስጠኛ ጠርዝ ከጣሳው አፍ ጥቂት ይጠብባል። ስትጫኑት ፕላስቲኩ ተለጥጦ የቆርቆሮውን ከንፈር ያልፍና ተመልሶ ይሰበሰባል። ቆርቆሮው ንቅንቅ አላለም። ሥራው እንዲህ ተከፋፍሏል፤ ላሜራው ቆሞ ይጠብቃል፣ ፕላስቲኩ እጥፍ ዘርጋ ይላል። ከፔርሙዝ እስከ መኪና፣ ፕላስቲክና ላሜራ ያለ ብሎን የሚጋቡበት ብዙው መንገድ የዚህ ዘር ነው ማለት ይቻላል።

ፕላስቲክ ለምን ይለጠጣል ቢባል፣ የተሠራው እንደ ተወሳሰበ ፈትል እርስ በርሳቸው ከተጠላለፉ በጣም ረጃጅም ሰንሰለቶች ስለሆነ ነው። ጎተት ሲያደርጉት ፈትሉ ይላላል፤ ሲለቁት ወደ ነበረበት ይመለሳል። ከልክ በላይ ከጎተቱት ግን ሰንሰለቶቹ ተንሸራተው እዚያው ይቀራሉ፣ ወይም ይበጠሳሉ። ፕላስቲክ ወንበር ሲታጠፍ መታጠፊያው ላይ የሚወጣውን የነጣ መስመር አይታችሁ ከሆነ፣ ያ ፕላስቲኩ ከልኩ በላይ መጎተት ሲጀምር የሚታይ ምልክት ነው።

ልኩ ደግሞ በቁጥር ይታወቃል። አንድ ቀጭን የፕላስቲክ ምላስ ጫፉ ላይ ጥርስ አለው እንበል። ርዝመቱ 10 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ላሜራውን ለማለፍ ጫፉ 1 ሚሊ ሜትር ጎንበስ ማለት አለበት። ያን ጊዜ የምላሱ ሥር ላይ ያለው የፕላስቲክ ቆዳ 2.25 በመቶ ያህል ይለጠጣል። ብዙው ፕላስቲክ ለአንዴ ይህን ይችለዋል። አሁን ምላሱን «እንዲጠነክር» ብላችሁ እጥፍ አወፍሩት፤ መለጠጡ ወደ 4.5 በመቶ ይወጣል፣ ተሰባሪው ዓይነት ፕላስቲክ እዚያ ላይ ቀጭ ይላል። ይልቅ ውፍረቱን ትታችሁ ርዝመቱን እጥፍ ብታደርጉት መለጠጡ በአራት ተካፍሎ ወደ 0.6 በመቶ ግድም ይወርዳል። ማወፈር ይጎዳል፣ ማስረዘም ይጠቅማል። እኔ ይህን እስካውቅ ድረስ ቀጭን ጥርስ ያለውን ዕቃ ሁሉ «የቻይና» ብዬ እንቀው ነበር፤ ለካ ቅጥነቱ ታስቦበት ኖሯል።

የጥርሱ ቅርጽም እንዲሁ ታስቦበታል። ጣና ላይ የሚያጠምዱ ሰዎች መንጠቋቸው ጫፍ ላይ ወደ ኋላ የዞረች ትንሽ እሾህ አለች፤ ስትገባ አትታወቅም፣ ስትወጣ ግን ሥጋ ይዛ ነው። የፕላስቲኩ ጥርስም በመግቢያው በኩል ለስላሳ ዘቅዛቃ፣ በመውጫው በኩል ገደል ነው። ገደሉ ቀጥ ካለ ዕቃው ሳይሰበር አይወጣም። ወደ 45 ዲግሪ ዘንበል ካለ ግን በጉልበት ይመለሳል። ስለዚህ አንድ ዕቃ ሊፈታ የታሰበ ይሁን አይሁን ከጥርሱ ጀርባ ማንበብ ይቻላል። የእኛ ፔርሙዝ ጥርስ ጀርባ ዘንበል ያለ ነበር። የውስጡ ጠርሙስ ሲሰበር እንዲቀየር ነው።

ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላ እንኳ አበላሸሁት። በማግስቱ ማለዳ፣ ያውም በታኅሣሥ ብርድ፣ ፕላስቲኩን ቆርቆሮው ላይ አድርጌ በመዳፌ ተጫንኩት። ቀጭ አለ። ከአራቱ ጥርስ አንዱ ተሰብሮ ጓዳ ውስጥ በረረ። እማዬ ከሳሎን ሆና «አልኩሽ፣ ብሎኑን ብትፈልጊ ይሻላል» አለችኝ።

ጥፋቱ ምን እንደሆነ ያስረዱኝ እዚሁ ባሕር ዳር፣ ግሽ ዓባይ አካባቢ ባለ አንድ ጋራዥ የሚሠሩ ሽማግሌ ባቲላሜራ ናቸው። ፔርሙዙን በፌስታል ይዤ ስደርስ የሚኒባስ በር ከፍተው የውስጠኛውን ፕላስቲክ ልባስ እያወለቁ ነበር። ካቻቢቴ አልያዙም። እጀታው በጨርቅ የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ማንኪያ በልባሱና በላሜራው መሃል ሰደድ አድርገው ፈንቀል ያደርጋሉ፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ እያለ ልባሱ ለቀቀ። ከጀርባው ዙሪያውን የጣት ጫፍ የሚያህሉ ክሊፖች ተደርድረውበታል።

ክሊፕዋን አንሥቼ አየኋት። ገጠር ያደገ ሰው ወዲያው የሚያውቃት ነገር ናት፤ የገብስ ዛላ። ልጅ ሆነን ዛላውን እጅጌያችን ውስጥ እንከትና ክንዳችንን ስናወዛውዝ ወደ ላይ ብቻ እየሄደ ብብት ይደርስ ነበር፤ ወደ ታች አይመለስም፣ ጺሙ ያግደዋል። ክሊፕዋም መሃሏ ግንድ፣ ዙሪያዋ ወደ ኋላ ያዘነበሉ አምስት ስድስት ክንፎች ናት። የበሩ ላሜራ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ቀዳዳው ውስጥ ክንፎቹ አንድ በአንድ ተጣጥፈው ያልፉና ከወዲያ ማዶ ይከፈታሉ። ለምን አንድ ክንፍ አይበቃም? ላሜራው እዚህ ጋ ቀለም ተደርቦበት ይወፍራል፣ እዚያ ጋ ይሳሳል፣ ልባሱ ትንሽ ይጎብጣል። ክንፉ ብዙ ከሆነ ከመካከላቸው አንደኛው በልኩ ይይዛል። ብሎን እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለውም።

ሽማግሌው ከተነቀሉት ውስጥ ክንፋቸው የረገፈውን እየለዩ ጣሉና ረዳታቸውን ጠሩ። «ሂድ ከሻይ ቤት ሙቅ ውሃ አምጣ። ሻይ አይደለም፣ ውሃ ብቻ።» ልጁ በሻይ ብርጭቆ ይዞ መጣ። አዲሶቹን ክሊፖች አንድ እፍኝ ብርጭቆው ውስጥ ከተቷቸው።

«ምን እያደረጉ ነው ጋሼ?»

«ደረቁን ከመታሽው ይሰበራል እቴ። እንደ ባቄላ ቁጠሪው፤ መጀመሪያ ይራስ።»

ትክክል ናቸው፤ ምክንያቱ ግን ሁለት ነው። እነዚህ ክሊፖች በብዛት የሚሠሩት ከናይለን ነው። ናይለን ውሃ ይወዳል፤ ከአየሩ እርጥበት ብቻ እንኳ ከክብደቱ 2.5 በመቶ ገደማ፣ ሙሉ በሙሉ ሲርስ ደግሞ 8 በመቶ ገደማ ውሃ ይጠጣል። ውሃው በሰንሰለቶቹ መሃል ገብቶ ያላላቸዋል፣ የደረቀው ተሰባሪ ናይለንም እንደ ጅማት ጠንካራና ተጣጣፊ ይሆናል። ፋብሪካዎችም ከሻጋታ የወጣውን የናይለን ዕቃ ውሃ የሚያጠጡት ለዚህ ነው። ይሁን እንጂ ውሃ እስከ ውስጥ ለመዝለቅ ሰዓታት ይፈልጋል። በሻይ ብርጭቆ ውስጥ በአምስት ደቂቃ የሚሠራው በአብዛኛው ሙቀቱ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል ውሃ በ94 ዲግሪ ግድም ይፈላል፤ ለክሊፕ ከበቂ በላይ ነው።

የእኔም ስሕተት እዚሁ ነው። የፔርሙዙ ፕላስቲክ ናይለን አይደለም፣ ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ውሃ አይጠጣም፣ ብርድ ግን አይወድም። ወደ ዜሮ ዲግሪ እየቀረበ ሲሄድ እየደረቀ ይመጣል። የታኅሣሥ ማለዳና ያረጀ ፕላስቲክ ሲገናኙ ውጤቱ ያ የሰማሁት ቀጭታ ነው።

ፖሊፕሮፒሊንን ካነሣን አይቀር፣ እ.ኤ.አ. በ1954 ሚላኖ ላይ በጁሊዮ ናታ ቤተ ሙከራ የተሠራ ነው። ናታ ለዚህ ዘርፍ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1963 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ፤ የእኛው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ፣ ዛሬም ሰው ሁሉ «ፖሊ» የሚለው ግቢ፣ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተቋቋመው በዚያው ዓመት ነው። ጣሊያንን እንዲህ ሳነሣ ጋራዡን ዘወር ብዬ አየሁት። ላሜራው፣ ካቻቢቴው፣ ፒንሳው፣ ሮንዴላው፣ ክሩስኮቱ፣ ፓራፋንጎው፤ የብረቱ ቃል ሁሉ ከጣሊያን የመጣ ነው። ፕላስቲኩ ዘግይቶ ስለመጣ ክሊፑ በእንግሊዝኛ ስሙ ቀረ።

ሽማግሌው በጣም የሚያናድዳቸውን ነገር አሳዩኝ። አንዱ ባለመኪና ክሊፑ ሲጠፋበት ልባሱን በአራት ብሎን ላሜራው ላይ ጥርቅም አድርጎ አስሮታል። በሁለተኛው ዓመት ፕላስቲኩ ከእያንዳንዱ ብሎን ሥር ተሰንጥቋል፣ ላሜራውም በተበሳበት ዙሪያ ዝጓል። ዝገቱ ግልጽ ነው፤ ብሎን ሲገባ ቀለሙን ይልጣል፣ ክረምት ያመጣው ውሃ ራቁቱን ብረት ያገኛል። ክሊፕ ግን ለስላሳ ስለሆነ የቀዳዳውን ቀለም አይነካም፤ አንዳንዱም አንገቱ ላይ ስስ የስፖንጅ ቀለበት አለው፣ ውሃውንም ያግዳል፣ የኮብልስቶኑን መንቀጥቀጥም ያፍናል።

ስንጥቁ ግን ማብራሪያ ይፈልጋል። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ብረት በ40 ዲግሪ ሲሞቅ የሚረዝመው ግማሽ ሚሊ ሜትር አይሞላም። ተመሳሳይ ርዝመት ያለው፣ ሌላ ነገር ያልተደባለቀበት ፖሊፕሮፒሊን ግን 4 ሚሊ ሜትርና ከዚያም በላይ ይረዝማል። ጣና ዳር በሚያዝያ ፀሐይ የቆመ መኪና ላይ ያለ ጥቁር ፕላስቲክ ከማለዳ እስከ እኩለ ቀን ይህን ያህል የሙቀት ልዩነት ያያል። በየቀኑ ሊረዝም ይፈልጋል፣ ላሜራው አልንቀሳቀስም ይላል፣ ብሎኑም ሁለቱን አንቆ ይዟል። መሄጃ ያጣው ፕላስቲክ ወይ ይጎብጣል ወይ ይሰነጠቃል። በዚያ ላይ ፕላስቲክ ሲጨመቅ ቀስ እያለ ይሸሻል፤ ዛሬ ጥብቅ ያደረጋችሁት ብሎን ከወራት በኋላ ፕላስቲኩ ሥሩ ሳስቶ ላልቶ ታገኙታላችሁ። መልሳችሁ ስታጠብቁት ደግሞ ለስንጥቁ እያዘጋጃችሁት ነው።

ስለዚህ በደንብ የተሠራ የፕላስቲክ ልባስ ጀርባ ብታዩ አንዲት ቀዳዳ ብቻ ክብ ናት፤ ቦታውን የምትወስነው እሷ ናት። የቀሩት ሞላላ ናቸው። ክሊፑ በሞላላው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ልባሱም እንደ ልቡ ይረዝማል ያጥራል።

እየተንቀሳቀሱ ስለ መያያዝ ጣና የራሱ ታሪክ አለው። ታንኳ አንድ ሚስማር የለውም፤ ደንገል በደንገል ላይ ታስሮ ነው። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 የጥንት ግብፆች በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ሊሻገሩ ይችሉ እንደሆነ ለማሳየት «ራ» የተባለችውን ጀልባ ሲያሠራ ደንገሉ የሄደው ከጣና ነው። ጀልባዋ ከሞሮኮ ተነሥታ ውቅያኖሱን አብዛኛውን አቋርጣ ካሪቢያን ደሴቶች ሳትደርስ ፈረሰች። ጥፋቱ ደንገሉ አልነበረም። ግብፆቹ ቀና ያለውን የኋላ ጫፍ ይዞ የሚወጥር አንድ ገመድ ያስሩ ነበር፤ የራ ሠሪዎች ይህን ችላ ብለውት ኖሯል። ያ ገመድ ግን እንደ ሞላ ነበር የሚሠራው፤ ጀልባዋ ከማዕበሉ ጋር እንድትተጣጠፍ እየፈቀደ የኋላዋን ከውሃ በላይ ይይዛል። እሱ በሌለበት የኋላው ጫፍ እየዘቀጠ ሄደ። ሽማግሌውን ባቲላሜራ ብትጠይቋቸው ይህን ገመድ ክሊፕ ይሉት ነበር።

እስካሁን ያየነው ሁሉ ፕላስቲኩ ሲታጠፍ ነው። ላሜራው የሚታጠፍበትም አለ፤ ራዲያተር። የድሮው ራዲያተር ሁሉ ነገሩ መዳብና ነሐስ ሆኖ በቆርቆሮ ብየዳ የተያያዘ ነበር። የአሁኑ መሃሉ አሉሚኒየም ነው፣ ላይና ታቹ፣ ወይም ግራና ቀኙ፣ የመስታወት ጭረት የተደባለቀበት ናይለን ነው። በሁለቱ መሃል የጎማ ጓርኒሲዮን ይቀመጥና የአሉሚኒየሙ ጠርዝ ላይ ያሉ ትንንሽ ጣቶች በፕላስቲኩ ከንፈር ላይ ይታጠፋሉ፤ ሳምቡሳ ጠርዙ እንደሚቆነጠጥ። የፈላ ውሃና ግፊት የሚችል ነገር በዚህ ብቻ ተይዟል ሲባል አላመንኩም ነበር፣ ቆጥሬ አየሁት፤ ብሎን የለም። ጣቶቹ አንዴ ከተፈቱ በኋላ ደግመው ሲታጠፉ ስለሚደክሙ ሦስተኛ ጊዜ ተስፋ አታድርጉበት።

ወደ ቤት እንመለስና ፍሪጁን እንየው፤ ለእኔ ከሁሉ የሚያስገርመው እሱ ነው። ውጭው የተቀባ ላሜራ ነው። ውስጡ ነጭ ፕላስቲክ ነው፣ ትልቅ አንሶላ ሞቆ ሻጋታ ላይ አየሩ ተመጥጦ የተቀረጸ። ሁለቱን የሚያያይዛቸው ምንድን ነው? በመሃላቸው ባዶ ቦታ ይተውና ሁለት ፈሳሾች ተደባልቀው ይፈስሱበታል። ፈሳሹ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል፣ እያንዳንዱን ጥግ ይሞላል፣ በደቂቃዎች ውስጥም ይደርቃል። ፖሊዩሬቴን አረፋ ይባላል። ሲያብጥ ላሜራውንም ፕላስቲኩንም አጥብቆ ይይዛል፤ ግፊቱ ከባድ ስለሆነ ፋብሪካው ሳጥኑን ከውስጥም ከውጭም በቅርጽ መያዣ አፍኖ ካልያዘው የፍሪጁ ሆድ ይነፋል። ብርዱን የሚይዘው፣ ሳጥኑን የሚያጠነክረውና ሁለቱን የሚያጋባው ይኸው አንድ አረፋ ነው። ለብቻው ቢወሰድ ላሜራው በእጅ የሚታጠፍ ስስ ነገር ነው። መብራት ጠፍቶ ውሎ እንኳ ወተቱን ከመበላሸት የሚያተርፈው ይኸው አረፋ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ፍሪጅ ጎን ላይ መስቀያ ለመስቀል ብላችሁ ብሎን አትምቱ። በብዙ ፍሪጆች ጎኑ ሲነካ የሚሞቀው ሙቀት ማስወገጃው ቀጭን ቱቦ ከላሜራው ጀርባ ተለጥፎ ስለሚያልፍ ነው። አንድ ብሎን፣ ከዚያ ፍስስ፣ ከዚያ ፍሪጁ ቁም ሣጥን ይሆናል።

የፍሪጁ በር ጎማም ያው ነው። ጀርባው እንደ ቀስት ጫፍ የተቀረጸ ስለሆነ የበሩ ጉድብ ውስጥ በእጅ ተገፍቶ ይገባል፤ ሆዱ ውስጥ ደግሞ ማግኔት ዱቄት ያለበት ተጣጣፊ ሪባን አለ። ላሜራውን ስቦ የሚዘጋው እሱ ነው። ጎማው ደርቆ ካልገጠመ ከመቀየሩ በፊት በሙቅ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ያዙበት፤ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ሙቅ ውሃ እንደገና።

እሳትም ያያይዛል። የተቀደደ ቢጫ ጀሪካን በጋለ ቢላ ሲጠገን ያላየ የለም፤ የጀሪካኑ ፕላስቲክ ወደ 130 ዲግሪ ላይ ይቀልጣልና ቁራጩ ተለስኖበት ይጋጠማል። ፋብሪካው ይህንኑ በንጽሕና ይሠራዋል። ፕላስቲኩ ላይ ትንሽ ጉጥ አብሮ ይቀረጻል፣ ጉጡ በላሜራው ቀዳዳ ያልፋል፣ የጋለ ብረት ጫፉን ተጭኖ እንደ እንጉዳይ ጭንቅላት ያሰፋዋል። አንጥረኛ ሚስማር አሳልፎ ጫፉን እንደሚደፈጥጠው ነው፣ ልዩነቱ ሚስማሩ ከዕቃው ራሱ መብቀሉ ነው። መፍታት ካሰባችሁ ጭንቅላቱን ከመቁረጥ ሌላ መንገድ የለም።

የድስት ክዳን ጉጥ ግን ለምን እስከ ዛሬ በብሎን ይታሰራል? ያ ጥቁር ወይም ቡናማ እጀታ ባክላይት ነው። እሳት ላይ እንዲቆይ ተብሎ ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ ተቆላልፈው የተሠሩ ስለሆነ አይቀልጥም፤ ስለማይቀልጥ እንጉዳይ አይሆንም፣ ስለማይለጠጥ ጥርስ አይወጣለትም። ለእሱ ብሎን ይገባዋል።

ማጣበቂያው ብዙ አያስወራም፤ ፔርሙዙን «በሱፐር ግሉ ምች አድርጊው» ላለችኝ ጎረቤት ግን መልስ አለብኝ። ጀሪካን ወይም የፔርሙዝ ፕላስቲክ ላይ ጠብታ ውሃ ጣሉ፤ ሳይዘረጋ እንደ ዶቃ ይቆማል። ውሃው ያልዘረጋበት ላይ ማጣበቂያውም አይዘረጋም፤ ላዩ እንደ ሰም ነውና ሲደርቅ ተልጦ ይነሣል። መኪና ላይ የሚለጠፉት የስም ምልክቶች በሁለት ፊት በሚጣበቅ ስፖንጅ ቴፕ የሚይዙት ሌላ ዓይነት ፕላስቲክ ስለሆኑና ላያቸው ስለተዘጋጀ ነው፤ ስፖንጁም ፕላስቲኩ ሲረዝም አብሮ ይሳሳባል። ቴፕ ከመለጠፋችሁ በፊት ላሜራውን ከፋርማሲ በተገዛ አልኮል ጥረጉት። አረቄ አይሆንም፤ ውሃ አለው፣ ደግሞም ያሳዝናል።

ሽማግሌው ሥራ የሚያጡ አይመስለኝም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ የቤት አውቶሞቢል እንዳይገባ ከወሰነ ወዲህ የከተማችን መንገድ ላይ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል፤ ከሥሩ የተዘረጋው መከላከያ በአብዛኛው ፕላስቲክ፣ ፕላስቲኩም በብዛት በክሊፕ ነው። ድንጋይ ሲነካው ይረግፋል። እሳቸው ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ፣ የተደባለቀ ክሊፕ በኪሎ ያስመጣሉ፤ አንድ በአንድ በቀዳዳው ልክ ይለያሉ። ለ8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ የተሠራው 9 ላይ ከገባ ሲንቀጫቀጭ ይኖራል ይላሉ።

ፔርሙዙን አዩልኝ። የተሰበረውን ጥርስ በጣታቸው ዳበሱና «ሦስት ጉልቻ ድስት ይችል የለ» ብለው መለሱልኝ። ቤት ገብቼ ፕላስቲኩን ሙቅ ውሃ ውስጥ አሥር ደቂቃ አቆየሁት። ቆርቆሮው ላይ አስቀመጥኩና በሁለት መዳፌ ዙሪያውን ቀስ ብዬ ተጫንኩ። ጠቅ። ጠቅ። ጠቅ። ይኼኛው ድምፅ ከዚያኛው ፈጽሞ ይለያል።

እማዬ ሻይ ሞልታበት አንሥታ አየችው፣ ነቅነቅ አደረገችው፣ ያዘ። ቢሆንም ሲቀዳ ግራ እጇን ከሥሩ ታደርጋለች፤ እስከ ዛሬም እንዲሁ ነው። ለገና ቤቱ ሲጸዳ ደግሞ ከቡፌው ኋላ አንድ የዛገ ብሎን ተገኘ፤ ምናልባት የቡፌው የራሱ ይሆናል። አጥባ፣ በክብሪት ቀፎ አድርጋ፣ ፔርሙዙ ከሚቀመጥበት መደርደሪያ ላይ አኖረችው።

«ይኸው» አለችኝ። «አላልኩሽም?»